ለሕክምና ማን ይከፍላል? የሀገራት የጤና ሥርዓቶች የገንዘብ አሠራር ሲነጻጸር

ማዳበሪያ በየትኛው ወር እንደሚገዛ አርሶ አደሩ አስቀድሞ ያውቃል። የቤት ኪራይ በወሩ መጨረሻ፣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ በመስከረም መባቻ እንደሚጠየቅ የከተማው ነዋሪም ያውቃል። ሕመም ግን ቀን አይቆርጥም፤ ዋጋውንም አስቀድሞ አይናገርም። ከአንድ ቤት ደጃፍ ለዓመታት ርቆ ይቆይና በአንድ ሳምንት ውስጥ የዓመት ገቢ የሚውጥ ወጪ ይዞ ይገባል። በዚያች ሳምንት የሚሸጠው የእርሻ በሬ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ በሕክምናው ሂሳብ ብቻ አያበቃም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ማሳም ጦም ያሳድራል።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ጥናት ሕክምና እንደ እህልና እንደ ጨው በገበያ ሕግ ብቻ ሊተዳደር የማይችልበትን ምክንያት አብራርተዋል። ገዢው ሕክምና መቼ እንደሚያስፈልገው አያውቅም፤ ባስፈለገው ጊዜም ምን መግዛት እንዳለበት የሚነግረው ሻጩ ራሱ፣ ማለትም ሐኪሙ ነው። ምጥ የያዛት እናት ሦስት ሆስፒታል ዞራ ዋጋ አታማርጥም። ስለዚህ ከጥቂቶች በቀር የዓለም ሀገራት ሁሉ ዜጋው ከመታመሙ በፊት ገንዘብ የሚሰበሰብበትን መንገድ ፈልገዋል። ልዩነታቸው ገንዘቡ ከማን፣ በምን ሚዛን፣ በማን እጅ እንደሚሰበሰብ ነው።

ምንጮቹ ብዙ አይደሉም። መንግሥት ከግብር ይከፍላል፤ ወይም ሠራተኛውና አሠሪው በግዴታ መድን ያዋጣሉ፤ ወይም ሰው በፈቃዱ የመድን ውል ይገባል፤ ወይም በሽተኛው በሕክምናው ቀን ከኪሱ ያወጣል። በድሃ ሀገራት የለጋሾች እርዳታ ይጨመራል። የትኛውም ሀገር ከእነዚህ አንዱን ብቻ አይጠቀምም። ይሁን እንጂ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ቁጥር ከኪስ የሚወጣው ድርሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት፣ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ውስጥ ሕመምተኞች በቀጥታ የሚከፍሉት ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲወርድ ብቻ በሕክምና ምክንያት ለድህነት የሚዳረገው ቤተሰብ ቁጥር እጅግ አነስተኛ እንደሚሆን አመልክቷል።

በደመወዝ ላይ የቆመው የጀርመን ሥርዓት

የዘመናዊው የጤና መድን ታሪክ የሚጀምረው በጀርመን ነው። የማዕድን ቆፋሪዎች ከጥንት ጀምሮ የጋራ የመረዳጃ ሣጥን ነበራቸው፤ አንዱ ዋሻ ውስጥ ሲጎዳ ወይም ሲሞት ከሣጥኑ ለቤተሰቡ ይሰጥ ነበር። አሠራሩ ከእኛ እድር ብዙ የራቀ አልነበረም። ቻንስለር ኦቶ ፎን ቢስማርክ እ.ኤ.አ. በ1883 ያወጡት ሕግ ይህን መሰሉን መረዳጃ ለኢንዱስትሪ ሠራተኞች ግዴታ አደረገው። ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍሉ ነበር። ቢስማርክ ይህን ያደረጉት በርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኛው ወደ ሶሻሊስቶች እንዳይኮበልል መንግሥቱን የሚያስወድድ ነገር መስጠት ፈልገው ነበር።

ዛሬ የጀርመን ሕዝብ ከአሥር ዘጠኙ ገደማ የታቀፈው መቶ በሚጠጉ የሕመም መድን ሣጥኖች ውስጥ ነው። ሣጥኖቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደሉም፤ ትርፍ ፈላጊ ኩባንያም አይደሉም። መሠረታዊው መዋጮ ከደመወዝ 14.6 በመቶ ሲሆን ሠራተኛውና አሠሪው እኩል ይካፈሉታል፤ እያንዳንዱ ሣጥን ተጨማሪ መዋጮ ይጠይቃል። መዋጮው የሚሰላው በጤንነት ሳይሆን በገቢ ነው። የስኳር ሕመምተኛውና ሯጩ ደመወዛቸው እኩል ከሆነ እኩል ይከፍላሉ፤ ገቢ የሌላት የትዳር አጋርና ልጆች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታቀፋሉ። ከፍተኛ ገቢ ያለው ሰው ግን ከዚህ ወጥቶ ወደ ግል መድን የመሄድ መብት አለው፤ ይህ ቀዳዳ በጀርመን ራሷ ሲያከራክር ኖሯል።

ለአርሶ አደር አንባቢ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው። የጀርመን ገበሬ በራሱ የሚተዳደር በመሆኑ ደመወዝ የለውም፤ ደመወዝ ከሌለ የሚቆረጥ ነገር የለም። በመሆኑም ለራሳቸው የሚሠሩ ገበሬዎች በልዩ የግብርና ጤና መድን በግዴታ የታቀፉት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ከቢስማርክ ሕግ 89 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። መዋጮአቸው የሚመደበው በእርሻቸው ስፋትና ግምት ሲሆን፣ በዕድሜ ገፍተው እርሻቸውን ላስረከቡት የሚወጣውን ወጪ መንግሥት ይደጉማል። የገበሬውን የጤና መዋጮ በመሬት መስፈር እንግዲህ ለሀብታም ሀገርም ቢሆን መላ ተፈልጎለት የተገኘ ነገር ነው።

ጃፓን ይህን ያህል አልቆየችም። በፉኩኦካ አካባቢ የሚገኙ መንደሮች ሐኪማቸውን የሚያኖሩት ነዋሪው በሚያዋጣው ሩዝ ነበር፤ መንግሥትም ከዚህ ልማድ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1938 ለገበሬዎችና ለዓሣ አጥማጆች በየመንደሩ የሚቋቋም የፈቃደኝነት መድን በሕግ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1961 መድኑ ለሁሉም ነዋሪ ግዴታ ሆነ። ከመንደር ሩዝ ወደ ሀገር አቀፍ ግዴታ የተሄደው ደረጃ በደረጃ ነበር ማለት ነው።

በግብር የቆመው የብሪታንያ ሥርዓት

ብሪታንያ የመረጠችው መንገድ ከመሠረቱ የተለየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1942፣ ዊልያም ቤቨሪጅ ያቀረቡት ሪፖርት ከድህነት፣ ከበሽታ፣ ከድንቁርና፣ ከቆሻሻ መኖሪያና ከሥራ ፈትነት ጋር መታገልን የመንግሥት ግዴታ አድርጎ አቀረበ። የማዕድን ቆፋሪ ልጅ የነበሩት የጤና ሚኒስትሩ አንዩሪን ቤቫን ሆስፒታሎችን ወደ መንግሥት አዛውረው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱን አስጀመሩ። ገንዘቡ ከጠቅላላ ግብር ይመጣል፤ በሽተኛው በሐኪሙ ደጃፍ ምንም አይጠየቅም።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ የኢኮኖሚ ጥቅም ቀላልነቱ ነው። የሚጻፍ የመድን ሂሳብ፣ የሚጣራ የአባልነት ደብተር፣ ደንበኛ ለመሳብ የሚወጣ የማስታወቂያ ወጪ የለም ማለት ይቻላል። መንግሥት ብቸኛው ትልቅ ገዢ ስለሆነ መድኃኒት ሲገዛ ተከራክሮ ዋጋ ያስቀንሳል።

ችግሩም ገና በማለዳው ታየ። አገልግሎቱ በተከፈተ በጥቂት ወራት ውስጥ ለዓመታት መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ተቸግሮ የኖረ ሕዝብ ወደ ሕክምና ተቋማት ጎረፈ፤ በጀቱም ከታሰበው በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1951 መንግሥት ለጥርስና ለመነጽር ክፍያ ሲጥል ቤቫን ተቃውመው ከሥልጣን ለቀቁ፤ በሚቀጥለው ዓመት በመድኃኒት ማዘዣ ላይም ክፍያ መጣ። ዛሬ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ የመድኃኒት ማዘዣ ነጻ ሲሆን በእንግሊዝ ይከፈልበታል።

ገንዘብ የማይጠይቅ ሥርዓት በሌላ ነገር ያስከፍላል፤ እርሱም ወረፋ ነው። በእንግሊዝ አስቸኳይ ላልሆነ ሕክምና የሚጠባበቁ ጉዳዮች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆነው ታይተዋል። የዳሌ መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ አረጋዊ ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ሊጠብቅ ይችላል። ወረፋ ድሃና ሀብታምን በእኩል ዓይን ያያል ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን እውነት አይደለም። ገንዘብ ያለው ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል፤ ቀን ሠራተኛው ሕመሙን ይዞ ይጠብቃል። ቢሆንም ሂሳብ ፈርቶ ከሐኪም ቤት የሚቀር እምብዛም አይገኝም፤ ይህን የሚያህል ነገር በሌሎች ብዙ ሀገራት የለም።

ካናዳ ከሁለቱ መካከል ትገኛለች። በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የቶሚ ዳግላስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1947 የሆስፒታል መድን፣ ክፍለ ሀገሩም እ.ኤ.አ. በ1962 የሐኪም መድን ጀመረ፤ ሐኪሞች ተቃውመው ለ23 ቀናት ሥራ ቢያቆሙም ሕጉ ጸና፤ ሌሎቹ ክፍላተ ሀገርም ተከተሉት። ሐኪሞቹ በአብዛኛው የግል ባለሙያዎች ናቸው፤ ሂሳባቸውን የሚከፍለው ግን መንግሥት ነው። ሳስካችዋን የስንዴ ገበሬዎች ሀገር መሆኗን ልብ ይሏል። በድርቅና በእህል ዋጋ መውደቅ የተጎዱ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ልማድ ባይኖራቸው ኖሮ ይህ ሕግ እዚያ ይወለድ እንደነበር ያጠራጥራል።

ብዙ የሚያወጣው፣ ብዙ የማያገኘው

አሜሪካ ለጤና የምታወጣው ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርቷ 17 በመቶ ገደማ ነው። ጀርመን 12 በመቶ ገደማ፣ ብሪታንያ 11 በመቶ ገደማ ያወጣሉ። የአሜሪካ አማካይ የሕይወት ዘመን ግን 78 ዓመት አካባቢ ሲሆን የሁለቱ ሀገራት 81 አካባቢ ነው። ዕድሜ የሚወሰነው በሕክምና ብቻ አይደለም፤ የምግብ ልማድ፣ የጦር መሣሪያና የመድኃኒት ሱስ በአሜሪካ ብዙ ሕይወት ይቀጥፋሉ። ይሁንና የገንዘቡ ልዩነት ማብራሪያ ይፈልጋል።

ሥርዓቱ የታሰበበት አይደለም፤ የታሪክ አጋጣሚ የተወው ነው ማለት ይቀላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ሲገድብ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ለመሳብ የጤና መድን ማቅረብ ጀመሩ። በኋላም ይህ ጥቅም ከግብር ነጻ ተደረገ። በዚህ መንገድ መድን ከሥራ ጋር ተጋባ፤ ሥራውን ያጣ መድኑንም ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዕድሜያቸው 65 ለደረሰ ሜዲኬርን፣ ለድሆች ሜዲኬድን ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የፕሬዚዳንት ኦባማ ሕግ ያለ መድን የሚኖረውን ሕዝብ በእጅጉ ቢቀንስም ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዛሬም ከመድን ውጭ ናቸው።

ለምን ተወደደ? ብዙዎች አሜሪካውያን ሐኪም ቤት ስለሚያዘወትሩ ይመስላቸዋል። ሲመዘን ግን ከሌሎች ባለጸጋ ሀገራት ሕዝብ የበለጠ ወደ ሐኪም አይሄዱም፤ በሆስፒታልም የበለጠ አይተኙም። የሚለየው የእያንዳንዱ ነገር ዋጋ ነው። አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ የራጅ ምርመራ፣ አንዱ የሆስፒታል አልጋ እዚያ የሚከፈልበት ዋጋ ሌላ ቦታ ከሚከፈልበት ብዙ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ገዢው ተበታትኗል። በመቶዎች የሚቆጠሩ የመድን ድርጅቶች ለየብቻ ይደራደራሉ፤ ሆስፒታሉም ከእያንዳንዱ ጋር የሂሳብ ንትርክ የሚይዙ ብዙ ጸሐፊዎች ይቀጥራል። በገበያ ቀን መቶ ገዢ ለየራሱ ሲከራከርና አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለመቶው ሲከራከር የሚገኘው ዋጋ እንደማይመሳሰል ለአርሶ አደር መንገር አያስፈልግም።

በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን በራሳቸው ቤት ያውቁታል። አባትና እናታቸውን በመኖሪያ ፈቃድ ያስመጡ ልጆች ወላጆቻቸው 65 ዓመት ቢሞላቸውም በሀገሩ ሠርተው መዋጮ ስላልከፈሉ የሜዲኬርን በር የሚያንኳኩት ከአምስት ዓመት ተከታታይ ነዋሪነት በኋላ፣ ያውም ገዝተው ነው። እስከዚያው የልጆቹ ኪስ ይጠየቃል። በእስራኤል የሚኖረው ወገናችን ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ነዋሪ ከአራቱ የጤና ሣጥኖች አንዱን ይመርጣል፤ ሣጥኑም አርጅተሃል ወይም ታመሃል ብሎ ሊመልሰው አይችልም። የጤና ግብሩን የሚሰበስበው ብሔራዊው የመድን ተቋም ሲሆን ለሣጥኖቹ የሚያከፋፍለው በዋናነት በአባላት ብዛትና ዕድሜ መጠን ነው።

ደመወዝ የሌለው ሕዝብ እንዴት ያዋጣ?

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ደመወዝ በመዝገብ በሚከፈልበት ወይም ግብር በሰፊው በሚሰበሰብበት ሀገር የሚሠራ ነው። አብዛኛው ሕዝብ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ቸርቻሪና ቀን ሠራተኛ በሆነበት ሀገር መዋጮ ከምን ይቆረጣል? ለዚህ ጥያቄ ሦስት ሀገራት ሦስት መልስ ሰጥተዋል።

ታይላንድ አርሶ አደሩን መዋጮ መጠየቅ ዋጋ እንደሌለው ወሰነች። እ.ኤ.አ. በ2002 ባጸደቀችው ሕግ በሌላ መድን ያልታቀፈው ሕዝብ ሁሉ በመንግሥት በጀት እንዲታከም አደረገች፤ ከበሽተኛው የሚጠበቀው በአንድ ጉብኝት 30 ባህት ብቻ ነበር። ሀገሪቱ ያኔ ባለጸጋ አልነበረችም፤ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ 2 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ሆኖም ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ለአሠርት ዓመታት በየወረዳው ሆስፒታል ስትሠራ፣ አዳዲስ ሐኪሞችንም በገጠር እንዲያገለግሉ ስታስገድድ ቆይታለች። ካርድ ያለ ሐኪም ወረቀት ነው፤ ታይላንድ ሐኪሙን አስቀድማ ካርዱን አስከተለች።

ጋና በሚገዛ ሁሉ ላይ ጣለችው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ በዕቃና በአገልግሎት ሽያጭ ላይ የሚጨመር 2.5 በመቶ ለጤና መድን ተመደበ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ የማይመዘገበው ነጋዴም ሲሸምት ያዋጣል። ችግሩ የመጣው ከሌላ ወገን ነው፦ ገንዘቡ ለሕክምና ተቋማት በጊዜው ሳይደርስ ሲቀር ተቋማቱ የመድን ካርድ ከያዘ በሽተኛ ጥሬ ገንዘብ መጠየቅ ጀመሩ። መድን የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በአዋጅ ሳይሆን በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ።

ሩዋንዳ በማኅበረሰብ መዋጮ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1994 ከደረሰው እልቂት በኋላ የሕክምና ክፍያ ሲመለስ ጤና ጣቢያዎች ባዶ ሆኑ፤ ሕዝቡ የሚከፍለው አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስት ወረዳዎች የተሞከረው የመረዳጃ መድን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሀገር አቀፍና ግዴታ ሆነ፤ አሥር ዓመት ገደማ ሳይሞላውም ከሕዝቡ አብዛኛውን አቀፈ። መጀመሪያ መዋጮው ለድሃውም ለደህናውም አንድ ዓይነት ነበር። ይህ ቅሬታ አስነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ነዋሪው ራሱ በመንደር ስብሰባ ማን በየትኛው የኑሮ ደረጃ እንዳለ በሚለይበት አሠራር ላይ ተመሥርቶ ተከፋፈለ፦ ለድሆች በነፍስ ወከፍ 2 ሺህ የሩዋንዳ ፍራንክ ሆኖ በመንግሥትና በለጋሾች ይሸፈናል፤ መካከለኛው 3 ሺህ፣ የተሻለው 7 ሺህ ይከፍላሉ። ጎረቤት የጎረቤቱን ከብትና ማሳ ስለሚያውቅ መንደሩ ከግብር መሥሪያ ቤት የተሻለ ገማች ሆነ፤ እርግጥ በዝምድናና በቂም የተዛባ ምደባም አልጠፋም።

ጤነኞች ሲሸሹ

የፈቃደኝነት መድን ሁሉ አንድ የተደበቀ ሕመም አለው። በምሳሌ ይታይ። አንድ ሺህ አባወራና እማወራ ባሉበት ቀበሌ በዓመት ሃያ ቤት ከባድ ሕመም ይገባል እንበል፤ የአንዱ ወጪ 30 ሺህ ብር ቢሆን ድምሩ 600 ሺህ ብር ነው። ሁሉም ቢያዋጡ ለአንድ ቤት 600 ብር ይደርሳል። አሁን መመዝገብ በፈቃድ ነው ተብሎ ሦስት መቶ ቤት ብቻ ቢመጣስ? የሚመጣው በአብዛኛው ሕመምተኛ ያለበት ቤት ስለሆነ ከሃያዎቹ አሥራ አምስቱ እዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ወጪው 450 ሺህ፣ መዋጮው 1 ሺህ 500 ብር ሆነ ማለት ነው። መዋጮው ሲንር ጤነኛ የሆኑ መቶ ቤቶች ለቀው ይወጣሉ፤ አሥራ አራት ሕመምተኛ ቤት ያለበት ሁለት መቶ አባል ይቀራል፤ መዋጮው 2 ሺህ 100 ብር ይደርሳል። እንዲህ እያለ ሣጥኑ ይከስማል።

ሀገራት መድንን ግዴታ የሚያደርጉት ስለዚህ ነው። ግዴታ ባይሆን እንኳ ከአንድ ቤት የታመመውን ብቻ ሳይሆን መላ ቤተሰቡን መዝግቡ የሚለው ደንብ፣ ምዝገባውም በዓመት በተወሰነ ወቅት ብቻ ይሁን የሚለው ደንብ ከዚሁ የመነጨ ነው። ታምሞ በማግሥቱ ለመመዝገብ መምጣት እህሉ ከተቃጠለ በኋላ የእሳት መድን እንደ መግዛት ነው። ብዙ አባላት ክልከላውን የጽሕፈት ቤት ጭካኔ አድርገው ያዩታል፤ በሂሳቡ ዓይን ግን ሣጥኑን የሚያቆመው እርሱ ነው።

የሣጥኑ ስፋትም ይወስናል። በአንድ ወረዳ ወረርሽኝ ቢነሣ የወረዳው ሣጥን ብቻውን አይችለውም፤ በዞን ወይም በክልል ደረጃ የተጠቃለለ ሣጥን ግን የአንዱን ክፉ ዓመት በሌላው ደግ ዓመት ያካክሳል።

ሐኪም ቤቱ እንዴት ይከፈለው?

ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ጥያቄ ብዙም አይነሣም፤ ወጪን የሚያንረው ወይም የሚያበርደው ግን ይኸው ነው። አጨዳ ለቀን ሠራተኛ ሲሰጥ ሥራው ይንቀረፈፋል፤ በቁርጥ ሲሰጥ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ቃርሚያ ይበዛል። ሕክምናም እንዲሁ ነው። ለእያንዳንዱ ምርመራና መርፌ የሚከፈለው ተቋም ምርመራና መርፌ ያበዛል፤ የአሜሪካ ወጪ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በወር ደመወዝ የሚከፈለው የማያስፈልግ ነገር ለማዘዝ ምክንያት የለውም፤ በሽተኛን ቶሎ ለማስተናገድም አይቸኩልም። በዙሪያው ላለው ሕዝብ ብዛት በነፍስ ወከፍ በቁርጥ የሚከፈለው፣ ታይላንድ እንደምታደርገው፣ ሕዝቡ ሳይታመም ቢቆይ ስለሚጠቀም ለክትባትና ለመከላከል ይተጋል፤ ውድ በሽተኛን ወደ ሌላ ተቋም መግፋት ግን ሊያምረው ይችላል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመር ባደረገችው አሠራር ሆስፒታሎች በሕመሙ ዓይነት በቁርጥ ይከፈላሉ፤ ለአንድ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በሽተኛው ሦስት ቀን ተኛ ስምንት ቀን በመሠረቱ ተመሳሳይ ሂሳብ ነው። የመኝታ ቀናት አጥረዋል፤ ትርፍ የሚያስገኙ ቀዶ ሕክምናዎች መብዛታቸው ግን ቅሬታ አስነሥቷል። ነቀፋ የሌለበት የአከፋፈል ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

የኢትዮጵያ መንገድ

ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. ባጸደቀችው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ የሕክምና ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ ፈቀደች። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መከላከልንና የእናቶችና ሕፃናትን አገልግሎት እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ ያለ ክፍያ አወረደ። ከኢኮኖሚ አንጻር ይህ ከብዙ ሆስፒታሎች የሚልቅ መዋዕለ ንዋይ ነበር፤ አንድ ክትባት የሚያስቀረው የሆስፒታል ሂሳብ ከክትባቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነውና።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፋ። ከላይ ከተነገሩት ሁሉ ጥቂት ጥቂት የወሰደ ነው። እንደ ጃፓን መንደር በፈቃደኝነት ጀመረ፤ እንደ ሩዋንዳ መላ ቤተሰብን በአንድ ደብተር ይመዘግባል፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን ወረዳና ክልል ይሸፍናሉ፤ የፌዴራል መንግሥትም ለሣጥኑ አጠቃላይ ድጎማ ይሰጣል። መዋጮ የሚሰበሰበው በአብዛኛው ምርት በሚገባበት ወቅት ነው፤ ይህም አርሶ አደሩ ደመወዝ ሳይኖረው እንዲያዋጣ ያስቻለ ቀላል ግን ትልቅ ብልሃት ነው። አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ ሙሉ ሽፋን አያገኝም። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመዋብ የሚደረግ ሕክምናና የውጭ ሀገር ሕክምና በሽፋኑ አይካተቱም። ሽፋኑ የብሪታንያን የ1951 ክርክር ገና ሲጀምር ዘግቶታል ማለት ይቻላል።

በሙከራ ወረዳዎች የተካሄዱ ጥናቶች አባላት ከአባል ካልሆኑት ይልቅ ወደ ሕክምና ተቋም እንደሚሄዱ፣ ለሕክምና የሚበደሩትም እንደቀነሰ አሳይተዋል። ያም ሆኖ በሀገር ደረጃ የ2009 በጀት ዓመት ብሔራዊ የጤና ሂሳብ ጥናት ከጠቅላላው የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚወጣው ከቤተሰብ ኪስ መሆኑን አመልክቷል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን በላይ ነው። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በአቡጃ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ቢገቡም ቃሉን በተከታታይ የጠበቁት ጥቂት ናቸው።

አባሉን ይበልጥ የሚያስመርረው የመድኃኒት ጉዳይ ነው። መዋጮውን ከፍሎ፣ ወረፋውን ጠብቆ፣ ማዘዣውን ይዞ መድኃኒቱ የለም ሲባል ከውጭ መድኃኒት ቤት በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ያን ጊዜ ከኪስ ወጪ ድኖ ወደ ኪስ ወጪ ተመለሰ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን ላያድስ ይችላል፤ የሚቀረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጤነኛው ቤት ነው፤ የሦስት መቶው ቤት ሂሳብ እንደገና ይጀምራል። መጋዘን ውስጥ ያለ መድኃኒትና የመዋጮው መጠን ተለያይተው የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው ብሎ ማሰብ የሚያዋጣ አይመስልም። አንዳንድ ቦታዎች የማኅበረሰብና የከነማ መድኃኒት ቤቶችን ከመድን ሣጥኑ ጋር በውል ማስተሳሰር የጀመሩት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

በደመወዝ ለሚተዳደረው ክፍል የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሐሳቡ የቢስማርክ ነው፤ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ። አፈጻጸሙ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ ሠራተኛው ኑሮ በናረበት ጊዜ ከደመወዙ የሚቆረጥለት ነገር ምን እንደሚያስገኝለት አስቀድሞ ማየት ይፈልጋል። ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ የደመወዝተኛው ሣጥንና የአርሶ አደሩ ሣጥን ተለያይተው ይቀመጡ ወይስ ይዋሐዱ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ታይላንድ ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳድራዋለች፤ ለመንግሥት ሠራተኛው በነፍስ ወከፍ የምታወጣው ለአርሶ አደሩ ከምታወጣው እጥፍ ድርብ ሲሆን፣ ሁለቱ ሣጥኖች ከሃያ ዓመት በኋላም አልተዋሐዱም።